ቀን የሌላቸው የወታደር መዝገቦች፦ ባዶውን ቦታ ምን እናድርገው?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የቆዩ የወታደርና የአርበኛ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። በበጎ ፈቃድ ነው የምንሠራው። ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ አገር፣ የዘመተበት ግንባር ብዙም አያስቸግርም። መከራችንን የሚያበላን ቀኑ ነው። አንዱ ዓመት ብቻ አለው። ሌላው ወርና ቀን አለው፣ ዓመት የለውም። «በሆሳዕና ዋዜማ አሸንጌ ላይ ቆሰለ» የሚልም አለ፣ ቁጥር የሚባል አልተጻፈበትም። ጭራሽ ባዶ የሆነውማ ስፍር ቁጥር የለውም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ቀን ከሌለ «መስከረም 1» ብለን ሞልተን እንለፍ ይላሉ። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ነገ የልጅ ልጁ መጥቶ አያቴ መስከረም 1 ነው የሞቱት ብሎ ሙት ዓመት ቢያወጣላቸውስ? እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መዝገብ ቤት፦
እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። በፍጹም እንዳትሞሉት። እንቁጣጣሽ ዕለት በእውነት የተቀጠረ ወታደር ይኖራል፤ እናንተ የሞላችሁት ከእሱ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አንድ ዓምድ ላይ መዝገቡ ያለውን እንዳለ ከነስህተቱ እገለብጣለሁ። ቀጥሎ ሁለት ዓምድ አለ፦ ቢቀድም ከመቼ፣ ቢዘገይ እስከ መቼ። አራተኛው ላይ እንዴት እንደደረስኩበት እጽፋለሁ። «1928» ብቻ ካለ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 ይሆናል ማለት ነው። ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪው ደግሞ ዝም ብለሽ 1936 እንዳትይ። የኛ 1928 የገባው በነሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1935 ነው፣ ጣሊያን መረብን የተሻገረው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወደቀ ሰው በነሱ አቆጣጠር የሞተው በ1935 ነው።

ባዶውንም ለዩት። «አልተጻፈም» ሌላ፣ «አይነበብም» ሌላ። የማይነበበውን ነገ በጥሩ ብርሃን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሊያነበው ይችላል።

ኤክሴል ከሆነ የምትጠቀሙት የቀኑን ዓምድ ከመጀመሪያው ጽሑፍ አድርጉት። ጥቅምት 12ን 1928-02-12 ብለሽ ስትጽፊ ፌብሩዋሪ አድርጎ ይቀበልሻል። ጥቅምት 30 ሲሆን ግን ፌብሩዋሪ 30 የለማ! እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ይተራመሳል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች አያውቃትም። የዓድዋውን 1888ም ከ1900 በፊት ስለሆነ እንደ ቀን አይቆጥረውም።

አቡሻኽር፦
የሆሳዕናዋን ለእኔ ተዪልኝ። ዓመቱ 1928 መሆኑ ከሌላ ቦታ ከታወቀ ቀኑ አልጠፋም፣ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀመር፣ ይወጣል። የ1928 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ሆሳዕና መጋቢት 27፣ ዋዜማው መጋቢት 26 ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ተዋግቶ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው ጦር አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በአውሮፕላን የተደበደበው ያን ዕለት ነው። ጸሐፊው ቀኑን ጽፎታል እኮ፣ በሚያውቀው መንገድ ነው የጻፈው። ማስረጃው ዓምድ ላይ «በባሕረ ሐሳብ የተሰላ» በይበት።

«የጊዮርጊስ ዕለት» ብቻ ካለ 23ን ያዢ፣ ወሩን ክፍት ተዪው። «ዘመነ ዮሐንስ» የሚል ካገኘሽ በየአራት ዓመቱ ስለሚመጣ 1924፣ 1928፣ 1932 እያልሽ ከሌላው መረጃ ጋር አስተያዪው።

አፍንጮ በር፦
አንድ ነገር ልጨምር። «ማይጨው ላይ ሞተ» ስላለ ብቻ መጋቢት 22 ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ብዙ ቤተሰብ የሰሜኑን ዘመቻ በሙሉ ማይጨው ብሎ ነው የሚጠራው። ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡት።

ጭራሽ ባዶ የሆነውም ቢሆን ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ካለበት ከመጋቢት 1922 በፊት አልተጻፈም። የቃኘው ሻለቃ መጀመሪያ ወደ ኮሪያ የሄደው በ1943 ስለሆነ «ከኮሪያ ተመላሽ» የሚል ከዚያ ወዲህ ነው። ግን ቀለሙን እዩ! ስሙ በጥቁር ቀለም ተጽፎ «ከኮሪያ ተመላሽ» የምትለዋ ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሆነች፣ የምትነግራችሁ ስለ ማስታወሻዋ ነው እንጂ ስለ ምዝገባው አይደለም። ተራ ቁጥሩም ይረዳል፤ ከላይና ከታች ያሉት ሰዎች ቀን ካላቸው መሃል ያለው በዚያ መካከል ይገባል። መዝገቡ በኋላ ከሌላ ተገልብጦ የተጻፈ ከሆነ ግን ተራ ቁጥሩን አትመኑት።

የፒያሳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ጋሽ አቡሻኽር በተለይ። ልጆቹ አሁን ጥቅምት 30ን ሞክረው በዓይናቸው አይተው አምነዋል። አንድ የቀረኝ፦ ልደት የለውም፣ «ዕድሜ 25» ብቻ ይላል። የተመዘገበው በ1935 ነው።

መዝገብ ቤት፦
1909 ወይም 1910 ይመጣልሻል። ግን በዚያ ዘመን ዕድሜ በግምት ነበር የሚነገረው፣ 20፣ 25፣ 30 እየተባለ። እኔ አምስት ዓመት ወዲህና ወዲያ ጨምሬ «ከዕድሜ የተገመተ» እላለሁ። የልደት ቀን የሚለው ዓምድ ባዶውን ይቆይ።