16 ሦስት ቦታ ተጽፎ አገኘሁት፤ የቱን ልከተል?

የሆጤ መምህርት፦
ታናሽ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ የብላክ ጃክ ሠንጠረዥ የታተመበት ፕላስቲክ ካርድ ይዞልኝ መጣ። ብላክ ጃክ ከ21 ሳያልፉ ከአዳዩ ይልቅ ወደ 21 የሚቀርቡበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ከ21 ያለፈ ወደቀ ይባላል። ሠንጠረዡ መቼ ካርታ እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚቆም ይናገራል። ደሴ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ገብስ ቆሎ እያስያዝን እንጫወታለን። ትናንት ኤ (1 ወይም 11 የምትቆጠረው ካርታ) እና 6 ደረሰኝ። 17 ብዬ ቆጠርኩ፤ በ17 መስመር ከዳር እስከ ዳር ኤስ፣ «ቁሚ» ማለት ነው፣ ስለተደረደረ ቆምኩ። ወንድሜ በሳቅ ወደቀ። 16 ደግሞ ይብሳል፦ 10 እና 6፣ ኤ እና 5፣ 8 እና 8፤ ሦስቱም 16፣ ሦስቱም የየራሳቸው መስመር አላቸው። 12 ይዤ አዳዩ 6 ሲገልጥስ ለምን ቁሚ ይለኛል? ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህን መጠየቄ ያሳፍራል።

ቦርከና ዳር፦
እህቴ፣ ከደብተር ጀርባ እንዳለው የማባዣ ሠንጠረዥ አንብቢው። በግራ ወደ ታች የተደረደረው የአንቺ እጅ ነው፤ ከላይ በአግድም ያለው የአዳዩ የተገለጠ ካርታ፣ ከ2 እስከ ኤ። የሚገናኙበት ሳጥን መልስሽ ነው። ኤች ጨምሪ፣ ኤስ ቁሚ፣ ዲ መደቡን አጥፈሽ አንድ ካርታ ብቻ ውሰጂ፣ ፒ ጥንዱን ለሁለት ክፈዪ።

ያሳሳተሽ ድምሩን ማስቀደምሽ ነው። እኔ መጀመሪያ «ጥንድ ነው?» እላለሁ። 8 እና 8 ከሆነ ወደ ጥንዶቹ ክፍል ነው፤ እዚያ መስመሩ በሙሉ ፒ ነው። ጥንድ ካልሆነ «ኤ አለች?» እላለሁ። ኤ ያለችበት እጅ ለስላሳ ነው፤ ድምሩ ከ21 ሲያልፍ ኤ ከ11 ወደ 1 ትወርዳለች። ስለዚህ ኤ እና 6 ላይ አንድ ካርታ መጨመር በጭራሽ አይጥልሽም። 17 ላይ መቆም ግን አዳዩ ካልወደቀ በቀር አያሸንፍም። ኤ አንዴ 1 ሆና ከተቆጠረች (10፣ 5 እና ኤ እንደማለት) እጁ ተራ 16 ሆኗል፤ ያን ጊዜ ወደ ተራው ድምር ክፍል ተመለሺ።

የኮምቦልቻ ፈረቃ፦
የ12ቱን እኔ ልመልስ። ከ13ቱ ዓይነት ካርታ 12ን ከ21 የሚያሳልፉት አሥር የሚቆጠሩት አራቱ (10፣ ጃክ፣ ንግሥት እና ንጉሥ) ብቻ ናቸው፤ እውነትሽን ነው። ነገር ግን 6 የገለጠ አዳይ ከ100 ጊዜ 42 ያህሉን ራሱ ይወድቃል፤ ተዪው፣ ይውደቅ። 2 ወይም 3 ከገለጠ ጨምሪ። አዳዩ 10 ገልጦ አንቺ 10 እና 6 ከያዝሽ ግን ብትጨምሪም ብትቆሚም ኪሳራ ነው፤ ሠንጠረዡ ትንሹን ኪሳራ ይመርጥልሻል። አራት የአሜሪካ ጦር ባልደረቦች ስሌቱን በጠረጴዛ የሒሳብ ማሽን ሠርተው በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳትመውታል። ያም ሆኖ ሁሉን በትክክል ብትጫወቺ እንኳ ከ100 ብር መደብ 50 ሳንቲም ገደማ ለቁማር ቤቱ ይቀራል።

የአራዳው ሽማግሌ፦
በዚህ ካርታ ጀምሮ የቤቱን ካርታ ያስረከበ ሰው አውቃለሁ። ቆሎም ቢሆን ቁማር ቁማር ነው።

የሆጤ መምህርት፦
አባባ፣ አይስጉ፤ የእኛ ዕዳ ከምጣድ አያልፍም። ቦርከና ዳር፣ ትናንት እንዳልከው አደረግሁ። 8 እና 8 ደረሰኝ፤ ወንድሜ የገለጠው 10 ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈልኩ። በአንዱ 18፣ በሌላው 19 ሆነልኝ። የተሸፈነችውን ሲገልጥ ንጉሥ ሆና ተገኘች። ሁለቱንም መደብ በእፍኙ ዘግኖ እያየሁት ቆረጠመው።