የእናቶች ቫውቸር መዝገብ ማጣራት፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ሦስተኛ ክፍል

የረቂቁ አስተባባሪ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ያላነበባችሁ እባካችሁ ዛሬ ማታ አንብቡት። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሳንስማማ ወደ በጀቱ መግባት አንችልም።

ሥራው ይሄ ነው። ግጭት በነካቸው ወረዳዎች ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቫውቸር ይሰጣቸዋል። በቫውቸሩ ክትትል ያደርጋሉ፣ ይወልዳሉ፣ ከወሊድ በኋላም ይታያሉ። ያገለገላቸው ተቋም ቫውቸሩን ሰብስቦ ሒሳብ ይጠይቃል። ማኅበራችን የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ የተጠየቀው ሒሳብ በእርግጥ ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን እናጣራለን።

ረቂቁ ላይ «መዝገብ ያልተገኘለት ቫውቸር አይከፈልም» የሚል መስመር አለ። እኔ ይሄ መስመር ይውጣ ባይ ነኝ። ሰላም ባለበት ቦታ ያስኬድ ይሆናል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር፣ ከ30 በመቶ በላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ እንደወትሮው ሲሠሩ የተገኙት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። አልጋና መድኃኒት የተዘረፈበት ቤት የወሊድ መዝገቡ መደርደሪያው ላይ ይጠብቀናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የጠፋ መዝገብና የሐሰት መዝገብ ለየቅል ናቸው። በአንድ መስመር ካሰርናቸው በችግር ጊዜ በሯን ያልዘጋችው አዋላጅ ያለ ክፍያ ትቀራለች፣ ቀጣይዋ እናት ደግሞ የተዘጋ በር ታገኛለች።

ገንዘብ ያዥ

ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ግን ሥጋቴን ልናገር። በሩን ወለል አድርገን ከከፈትነው ሁሉም «ተቃጠለብን» ማለት ይጀምራል። የሚከፈለው በአገልግሎት ልክ ስለሆነ ቁጥር የመጨመር ፈተና አለ፤ በምጥ የወለደችውን በቀዶ ጥገና ወለደች ብሎ መጻፍ ብቻውን ሒሳቡን ብዙ ያሳድገዋል። ገንዘብ ሰጪው ይሄን ያውቃል። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ ነጻ አይደል እንዴ? ቫውቸሩ ለምኑ ነው?

የረቂቁ አስተባባሪ

አዎ፣ ነጻ ነው። ቫውቸሩ የሚሸፍነው ነጻው የማይደርስበትን ነው፤ ትራንስፖርት፣ ጤና ጣቢያው ሥራ ሲያቆም የግል ክሊኒክ፣ ሆስፒታል ስትላክ የሚመጣውን ወጪ። ይሄ በደንብ አልተጻፈም፣ አስተካክላለሁ።

ስለ ፈተናው ያልከው ልክ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትጀምር እናቲቱ የወሊድ ቫውቸሩን በ200 ሽልንግ ትገዛ ነበር። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በ3,000 የራሷ ሽልንግ ሸጠችው። በሽያጭም ሆነ በእደላ ቫውቸሩ በሰው እጅ ያልፋል፤ ቫውቸር የሚያድል ሰው ካለ ለማይገባው መስጠትም፣ የሌለች እናት መፍጠርም ይቻላል። ስለዚህ ማጣራቱ ከእደላው ይጀምር፤ ወሊድ ክፍል እስኪደርስ አንጠብቅ። የመንም ጦርነት ውስጥ ሆና የእናቶች ቫውቸር አስኬዳለች፤ በጦርነት መሐል አይቻልም የሚል ከመጣ እሷን እንጥቀስ።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ ዙሪያ

አስተባባሪያችን የተናገረውን እደግፋለሁ። መስመሩ ሲወጣ በምትኩ «ሌላ ማስረጃ ይታይ» ብለን ብቻ ግን አንለፍ። የቱ ማስረጃ? በማን እጅ የተጻፈ?

መዝገቡ ቢጠፋ እናቲቱ እጅ ላይ የክትትል ካርድ አለ። የልደት ማሳወቂያ ወረቀት አለ። የልጁ የክትባት ካርድ አለ፤ ሲወለድ የሚሰጡት ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ቀናቸው እዚያ ላይ ይገኛል። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህን ሁሉ የጻፈው አንድ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሦስት ወረቀት ቢጽፍ ሦስት ምስክር አይሆንም። የአምቡላንሱ መመዝገቢያ ግን ሌላ እጅ ነው። ጤና ኬላ ያለው የቤተሰብ ማኅደርም ሌላ እጅ ነው፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማን እንዳረገዘችና ማን እንደወለደች ቤት ለቤት ታውቃለች። ደንባችን «በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ሁለት ማስረጃዎች» ይበል።

ሌላው፣ መዝገቡ ስለተገኘ ብቻ አትመኑት። እኔ በጣም ንጹሕ መዝገብ ሳይ እፈራለሁ። ገጹ ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ የሁሉም ደም ግፊት 110/70፣ የሁሉም ሕፃን ክብደት ልክ 3,000 ግራም። ፓርቶግራፉንም፣ የምጡን ሂደት መከታተያ ቅጽ ማለቴ ነው፣ ገልጣችሁ እዩት። የፅንሱ ልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ነው የሚመዘገበው። በምጥ ሰዓት የተሞላ ከሆነ መስመሩ ይንገዳገዳል፣ አንዱ ሰዓት ይዘለላል፣ ጠርዙ ላይ የተጫረ ነገር አይጠፋም። በኋላ ቁጭ ተብሎ የተሞላው ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ ከአጣሪዎቹ መካከል የግድ አዋላጅ ትኑር። የሒሳብ ሰው ብቻ ከሄደ ይሄን አያየውም።

የካርድ ክፍልና መረጃ ባለሙያ

ሲስተር ያሉት ላይ የምጨምረው ቀንን ነው። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ እውነተኛ ወሊድ የሚወድቀው በዚህ ነው።

መዝገባችን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ የቫውቸሩ ሶፍትዌር በፈረንጅ። ጳጉሜ 4 የወለደች እናት ስትመጣ ፎርሙ 13ኛ ወር የለውም። መረጃ አስገቢው ምን ያደርጋል? ወይ ነሐሴ 30 ይለዋል ወይ መስከረም 1። ከዚያ መዝገቡና ቫውቸሩ አይገናኙም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት የወለደችን እናት አዳሪዋ ባለሙያ በገባችበት ምሽት ቀን ትጽፋለች፣ በፈረንጁ ግን ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተቀይሯል። ሪፖርታችን ደግሞ ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው የሚዘጋው፤ ሰኔ 22 የወለደች እናት የምትቆጠረው በሐምሌው ሪፖርት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ሪፖርቱን ከቫውቸሩ ቁጥር ጋር ሲያስተያይ «ልዩነት ተገኘ» ብሎ ይጽፋል።

የምለው፣ ቀኑ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይገልበጥ። የሚቀይረው ሰው ሳይሆን ሲስተሙ ይሁን። የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ብቻውን ጥርጣሬ አይሁን። አንዱ ስም በተለያየ ፊደል (ሀ፣ ሐ፣ ኀ) ስለሚጻፍ፣ አንዳንድ ቦታ በላቲን ስለሆነ፣ ማገናኛው የካርድ ቁጥሩና የቫውቸር ቁጥሩ ይሁን።

ሐኪም፣ አዳማ

ከአዳማ ሆኜ ስከታተል ነበር። ስለ ወረቀቱ ጥሩ ብላችኋል። እኔን ያሳሰበኝ እናቲቱን ራሷን ስናገኛት የሚሆነው ነው።

ረቂቁ ላይ «አጣሪው የእናቶችን ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ይሄዳል» ይላል። ይሄ መቅረት አለበት። ግጭት ባለበት ቦታ ስምና የአባት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ያለበት ወረቀት ፍተሻ ኬላ ላይ ቢያዝ ማን እጅ እንደሚገባ አናውቅም። አጣሪው ቁጥር ብቻ ይያዝ፣ ስሙ ተቆልፎ ቢሮ ይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ የጤና መረጃን ለብቻው ጥበቃ ከሚያስፈልገው ውስጥ ነው የመደበው። ፕሮፖዛሉ ይጥቀሰው። ጠያቂዋም ሴት ትሁን፣ ባልና አማት ባሉበት አትጠይቅ፣ ቤት የምታሳያት ራሷ ቫውቸር ያደለችው ሰው አትሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እናቲቱን በስልክ የምናገኛት ከሆነ፣ ደዋይዋ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት መዝገቡ ላይ የወሊዱን ውጤት ትመልከት። ልጇ የሞተባት እናት ስልክ አንስታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሕፃኑ እንዴት ነው?» ስትባል አስቡት። ለዚህች እናት ጥሪው ለብቻው ይዘጋጅ፣ ወይም ጨርሶ ይቅር። ለማጣራት ከተመረጡት ውስጥ ስለገባች ብቻ ቁስሏን የመንካት መብት የለንም።

ገንዘብ ያዥ

ዶክተር፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እስማማለሁ። የጠፋ መዝገብ ላይም እሺ፣ የሲስተር ሁለት ማስረጃ ከተሟላ ይከፈል። ግን አንድ ነገር ይጨመር፤ አንድ ተቋም «ጠፋብኝ» የሚለው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ከልክ ያለፈ ከሆነ፣ የዚያ ተቋም የጠፉት ብቻ ይያዙና ቡድን ቦታው ድረስ ይሂድ። የቀረው ክፍያው አይቁም።

የረቂቁ አስተባባሪ

ገባ፣ ልክ በዚሁ አባባል።

መስመሩን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ተቋሙ መዝገቡ መጥፋቱን በጽሑፍ ካሳወቀ፣ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ሁለት ማስረጃዎች ሲቀርቡ ይከፈላል። ሆን ተብሎ የተፈጠረ መዝገብ ሲገኝ ክፍያው ይታገዳል፣ ተቋሙም መልስ የመስጠት ዕድል ይኖረዋል። በማናቸውም ሁኔታ እናቲቱ ገንዘብ እንድትመልስ አትጠየቅም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ተቃውሞ ካለ ንገሩኝ።

ሲስተር፣ የፓርቶግራፉን መመልከቻ ነጥቦች አንድ ገጽ አድርገው ቢልኩልኝ። የቀኑን ጉዳይ የመረጃ ባለሙያችን ይጻፈው፣ የጳጉሜው ምሳሌ እንዳለ ይግባ። ዶክተር፣ የስልክ ጥያቄዎቹን ለእርስዎ ትቻለሁ። በአማርኛ ብቻ ስለማይሆን ወረዳዎቹ እንደታወቁ በአካባቢው ቋንቋ የሚተረጉም ሰው እንፈልጋለን፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ጌዴኦኛ የምትችሉ ከወዲሁ አሳውቁኝ። በጀቱ ላይ የሁለተኛ አዋላጅ ውሎ አበል አልተያዘም፣ ገንዘብ ያዥ ከየት እንደምናመጣው ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ብታየው።