ጉዳቱ ከመድኑ ኤክሰስ ብዙም ካልበለጠ ካሳ መጠየቅ ያዋጣል?

ባለመጋዘን፦
ቧንቧ ፈንድቶ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ተበላሽቷል። የጉዳቱ ግምት 62,000፣ በፖሊሲው (በመድን ውላችን) መሠረት በራሳችን የምንሸከመው ኤክሰስ ደግሞ 50,000 ነው። ለ12,000 ብሎ ካሳ መጠየቅ ያዋጣል ወይስ ዝም ማለት ይሻላል?

ጉዳት ገምጋሚ፦
ዝም እንዳይሉ! ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ይለያያሉ። ፖሊሲዎች አደጋን ሳይዘገዩ ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁና «የጉዳቱን መጠን ገና እያጣራን ነው» ይበሉ። የውሃ ጉዳት ውሎ አድሮ ነው የሚወጣው። ካርቶን ሥር የያዘው ሻጋታ ወይም ሞተር ውስጥ የጀመረ ዝገት ግምቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ቢያመለክቱ ዘግይተዋል ይባላሉ። የተበላሸውን ገምጋሚ ሳያየው አይጣሉ። ፎቶ ያንሱ፣ ደረቁን ከእርጥቡ ይለዩ። የማድረቂያና የማጓጓዣ ደረሰኞችንም ይያዙ፤ ጉዳት ለመቀነስ የወጣ ወጪ በብዙ ፖሊሲዎች ከጉዳቱ ጋር ይታሰባል።

የሂሳብ ባለሙያ፦
12,000 የተባለው ራሱ ይፈተሽ። የንግድ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በገዙበት እንጂ በሚሸጡበት ዋጋ አይታሰብም፤ ተመላሽ የሚደረግልዎት ተጨማሪ እሴት ታክስም ይወጣል። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ንብረትን ከዋጋው በታች መድን ማስገባት ነው። 1,000,000 የሚያወጣ ዕቃ በ800,000 ብቻ ከተገባ፣ ጉዳቱ 80% ብቻ ይታሰብና 49,600 ይሆናል። ከኤክሰሱ በታች ስለሆነ የሚከፈል ነገር የለም። ኤክሰሱ አስቀድሞ የሚቀነስ ከሆነ ግን የ12,000ውን 80%፣ ማለትም 9,600 ያገኛሉ፤ የፖሊሲውን ቅደም ተከተል ያንብቡ።

ከዚያ የፖሊሲውን እድሳት ያስቡ። አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፍሉት) በዓመት 120,000፣ ካሳ ላልጠየቀ የሚሰጠው ቅናሽ 15% ቢሆን፣ በአንድ ዓመት ብቻ 18,000 ያጣሉ። በዚህ ስሌት እኔ አልጠይቅም።

የመድን አማካሪ፦
ይህ ስሌት ለራስ ንብረት ብቻ ነው። ውሃው የጎረቤትን ዕቃ ከነካ፣ ጉዳቱ ኢምንት ቢመስልም ያሳውቁ፤ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋተኛ ነኝ አይበሉ፣ ክፍያም አይፈጽሙ። የሦስተኛ ወገን ጥያቄ ከኤክሰሱ በታች ጀምሮ ፍርድ ቤት ሲደርስ የትየለሌ ይሆናል።

ኤክሰሱ በየአደጋው ነው ወይስ በዓመት በድምሩ የሚሸከሙት ጣሪያ አለው? ጣሪያ ካለው ትንንሹም ጉዳት ይቆጠርልዎታልና ሁሉንም ያስመዝግቡ። በየአደጋው ከሆነ ግን በተለያየ ቀን የደረሱ ሁለት ፍንዳታዎችን እንደ አንድ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ኤክሰሱን ለማለፍ ደረሰኝ ማሳበጥ ደግሞ ትክክለኛውንም ካሳ ያሳጣል።