በኒጀር ዴልታ ነዳጁን የሚያፈስሰው ኩባንያው ነው ወይስ ሌባው?

ጥያቄ (ከፒያሳ)

ጤና ይስጥልኝ። በክረምት በሶማሌ ተራ ሳልፍ፣ በየጋራዡ ደጃፍ የተደፋው የተቃጠለ ዘይት ከጎርፍ ጋር ወደ ቦይ ሲወርድ አያለሁ። ይህን እያሰብኩ ድፍድፍ ነዳጅ ለዓመታት ስለፈሰሰበት ስለ ናይጄሪያው ኒጀር ዴልታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይሁንና ኩባንያዎቹ በሌቦች፣ ነዋሪዎቹ በኩባንያዎቹ ስለሚያላክኩ ግራ ገባኝ። ዋናው መንስኤ የቱ ነው? አፈሩስ እያደር ራሱን አያጸዳም?

መልስ 1

ሁለቱም መንስኤዎች አሉ። በአካባቢው ነዳጅ የተገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. በኦሎይቢሪ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከተዘረጉት ቧንቧዎች ብዙዎቹ አርጅተው በዝገት ይበሳሉ፤ ቧንቧ ሰርስረው ድፍድፍ የሚቀዱና ጫካ ውስጥ በበርሜል እያፈሉ የሚያጣሩም በርካታ ናቸው። ክርክሩን ያከረረው ግን ካሳ ነው፤ በናይጄሪያ ሕግ ጉዳቱ የሦስተኛ ወገን ተንኮል ከሆነ ኩባንያው ካሳ አይከፍልም። ስለዚህ «ሌባ ነው» ማለት ለኩባንያው ገንዘብ ያድናል። በ2008 እ.ኤ.አ. በዴልታው ቦዶ በተባለ ቦታ ለደረሱት ሁለት ትልልቅ ፍሳሾች ግን የነዳጅ ኩባንያው ሼል ኃላፊነቱን አምኖ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል።

መልስ 2

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ። ከድፍድፉ ቀላል የሆነው ክፍል በሙቀት ይተናል፤ ከባዱ ግን ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚቀበር ባክቴሪያዎች ቶሎ አይበሉትም። በባሕር ዳር ረግረግ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ከጭቃው በላይ በሚወጡ ሥሮቹ ስለሚተነፍስ፣ ዘይቱ ሲለብሳቸው ታፍኖ ይደርቃል፤ በሥሮቹ መካከል የሚያድጉት የዓሣ ጫጩቶችም መጠለያ ያጣሉ። በዴልታው በኦጎኒ ምድር የነዳጅ ምርት በ1993 እ.ኤ.አ. ቢቆምም፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በአንድ መንደር የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ካንሰር አምጪው ቤንዝን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መጠን ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በአቅራቢያውም በከርሰ ምድር ውሃው ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘይት ተንሳፎ ነበር። ጥናቱ አካባቢው እንዲያገግም ከ25 እስከ 30 ዓመት ያስፈልጋል ብሏል፤ ያውም አዲስ ፍሳሽ ከቆመ ነው።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። በእኛው ሶማሌ ክልል፣ በካሉብና በሂላላ፣ ተመሳሳይ ስጋት ይኖር ይሆን?

መልስ 3

እዚያ ያለው በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ፣ ቢያመልጥ ወደ አየር ይወጣል እንጂ እንደ ድፍድፍ መሬት ላይ አይተኛም፤ የእሳትና የሜቴን (አየር ንብረትን የሚያሞቀው የጋዙ ዋና ክፍል) ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። እኔ በበኩሌ አጥብቄ የምጠይቀው፣ ከጋዙ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውሃና የቁፋሮው ዝቃጭ አርብቶ አደሩ ከብቶቹን ከሚያጠጣበት ምን ያህል ርቆ እንደሚደፋ ነው።