ጫት፣ መጠጥና ሀሺሽ፦ የሥራ ቤት ደንብ ላይ ምን ልጻፍ?

የአዘዞዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን አንዳንዱ ማታ ሲቅም አምሽቶ፣ ጨብሲውን ጠጥቶ፣ ሳይተኛ ይመጣል። ባለፈው አንዱ ግራይንደር እንደያዘ ዓይኑ ሲከደን አየሁት። ሌላው ደግሞ ስለ ሀሺሽ ሳነሳ «ካናዳ እኮ ተፈቅዷል» ብሎ ይሟገተኛል። ደንብ ጽፌ ልለጥፍ ነው። ጫት በሕግ ካልተከለከለ እኔ መከልከል እችላለሁ?

የማራኪ ልጅ፦
እህቴ፣ ሀሺሽ እኛ አገር ወንጀል ነው፣ ክርክር የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 የተከለከለ ዕፅ ወስዶ ወይም አልኮል ጠጥቶ ለሥራ ብቁ ሳይሆኑ መገኘትን ይከለክላል። ጫት በስሙ አልተጠቀሰም። ስለዚህ በሥራ ሰዓት መቃም ክልክል መሆኑን በውስጥ ደንብሽ አስገቢ፤ ሁሉም አንብቦ ይፈርም። መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ያለማስጠንቀቂያ የምታሰናብቺ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጪ። ጥፋቱን ካወቅሽ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ግን የማሰናበት መብትሽ ያልፍብሻል።

ከቶሮንቶ፦
መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ለዚያ ልጅ ንገሪልኝ፦ እዚህ በእኛ 2011 ተፈቅዷል፣ ጦዞ ሥራ መግባት ግን አልተፈቀደም። ጣጣው ምርመራው ነው። የአልኮል ትንፋሽ የአሁኑን ስካር ያሳያል። የካናቢስ የሽንት ምርመራ ግን የቀናት፣ አዘውታሪ ከሆነ የሳምንታት የቆየውን ሁሉ ያወጣል፤ አሁን ይጡዝ አይጡዝ አይነግርሽም። ስለዚህ ሁኔታውን እዪ፦ ዓይኑን፣ ንግግሩን፣ አረማመዱን። ሁለት ሰው ይመልከተው፤ አለዚያ «ቂም ይዛብኝ ነው» ይባላል። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስድ ካለም ቀድሞ ይንገርሽ።

የአራዳው አናጢ፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ወረቀት ግን ማሽን አያቆምም። እኔ ጋ ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ሰላም እላለሁ፣ ትንሽ አወራለሁ። ያላማረኝ ሰው ያን ቀን ብሎን ይለያል። «ወደ ቤትህ ሂድ» ካልሺው ይዋሽሻል፣ የቀን ገቢው ነዋ! ቀላል ሥራ ስትሰጪው ግን ራሱ «ዛሬ ልክ አይደለሁም» ይላል። የጥምቀት ሰሞንማ አስቸኳይ ትዕዛዝ ባትቀበዪ ይሻላል፣ ጎንደርን ታውቂያታለሽ።

የአዘዞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎርማን ግን የለኝም፣ እኔው ነኝ። ሁለተኛው ሰው ጥበቃው ቢሆንስ?

የማራኪ ልጅ፦
ይሆናል። ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ሰክሯል» አትበዪ፤ ያየሽውን ጻፊ፦ «ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፣ ግራይንደሩን ሳያጠፋ መሬት ላይ አስቀመጠ» ብለሽ።