ጥፍሬን ሊጥ በላው፤ ምን ላድርግ?

ምጣድ ዳር (መጋቢት 22)

እህቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው፤ ኮተቤ ነኝ። በሳምንት አራት ቀን፣ መብራት ካልጠፋ፣ በሁለት ምጣድ ከ100 በላይ እንጀራ አወጣለሁ። ለሱቆችና ለአንድ ቁርስ ቤት አስረክባለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጥፍሬን ግን ጨረሰው።

ቀኝ እጄ ይብሳል። ጥፍሬ ከጫፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ አንዱን ስቆርጥ ከስሩ ሌላ ይመጣል። ባለፈው እሑድ ነጠላዬን ላጣፋ ስል የመሐል ጣቴ ጥፍር ጥለቱን ያዘና ክሩን መዘዘው። ለፋሲካ ያስቀመጥኩት ነጠላ እኮ ነው! በጥፍሬ ዙሪያ ያለው ቆዳ ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የቦካው ሊጥ ሲነካው እስከ ክርኔ ነው የሚሰማኝ።

ጥፋቴን ልደብቅ አልፈልግም። በጥር መጨረሻ እህቴ ስታገባ እኛም እንደ ሰው እንሁን ብለን የጥፍር ጌል (ወፍራም የጥፍር ቀለም) ተሠራን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጫፍ ጫፉ ተነሳ። ለማስነሻ ደግሞ ልከፍል ነው ብዬ፣ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ በጥርሴም በቢላዋ ጫፍም ቀረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ጥፍሬ ወረቀት ሆነ። ሙቅ ብርጭቆ መያዝ ራሱ ያመኛል።

ሌላም አለ። በአሥሩም ጥፍሮቼ ላይ አግድም የሆነ ቦይ ወጥቷል። እንደ ትልም ነው፤ በጣቴ ስዳብሰው ጎድጎድ ይላል። ጌሉ ያመጣው ነው?

ጎረቤቴ «ካልሲየም አጥሮሽ ነው፣ ወተት ጠጪ» ትለኛለች። በሁዳዴ? ቲክቶክ ላይ አንዷ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እሺ አለች። ፋርማሲ ደግሞ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ግዢ አሉኝ፤ ዋጋውን ሰምቼ ወጣሁ። ጓንት አድርጊ እንዳትሉኝ ብቻ። አማቴ «ሊጥ በጓንት አይቦካም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል።

ጥፍር ሠሪዋ

ውዴ፣ ጌሉን ተይው፣ የጎዳሽ አነሳሱ ነው። በጥርስ ስትቀርፊው የራስሽን ጥፍር ላይኛውን ንጣፍ ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ ጋ እንደዚያ አድርገው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው ነው የሚገቡት።

ለሌላ ጊዜ ይሁንሽ፦ የጌሉን ላይ በሞረድ ፋቅ ታደርጊና አሴቶን (የቀለም ማስለቀቂያ) የነከረ ጥጥ ታስቀምጪበታለሽ፤ በፎይል ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቆያለሽ። ተሸብሽቦ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ መልሰሽ ትጠቀልያለሽ እንጂ አትታገይውም። አሴቶን ስለሚያደርቅ ወዲያው ቅባት።

አሁን ግን ምንም አትቀቢ። ጥፍርሽን ከጣትሽ ሥጋ ጋር እኩል አሳጥሪው። ስትቆርጪ ደግሞ ከታጠብሽ በኋላ፣ ለስለስ ሲል ይሁን፤ ደረቁን ከቆረጥሽው ይሰነጠቃል። ሞረዱን እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አታመላልሺው፤ ከዳር ወደ መሐል፣ በአንድ በኩል ብቻ። ቦዩን ላስተካክል ብለሽ እንዳትፍቂው፤ የቀረሽ ወረቀት ነው፣ እሱንም ትጨርሺዋለሽ። ማጠንከሪያ ተብሎ ከሚሸጠው ፎርማሊን ያለበትንም ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ደስ ይላል። ሲደጋገም ግን እንደ ደረቀ ጭራሮ ቀጭ ያደርገዋል።

ቆዳውን ደግሞ በምንም ተአምር አትቁረጪ፣ አታስቆርጪም። ደንበኞቼ «አጽጂልኝ» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ፤ ይቀየሙኛል፣ ሌላ ቤት ሄደው ያስቆርጣሉ፣ ከዚያ ጣታቸው አብጦ ይመጣሉ። ስትታጠቢ በፎጣ ቀስ አድርገሽ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል።

የሰባት ልጆች አያት

ልጄ፣ እኛ ምን ጌል እናውቃለን። እንሶስላ ነበር የምንሞቀው። ሥሩን ወቅጠን፣ ቀቅለን፣ እጅ እግራችንን ጠቅልለን እናድር ነበር። ሲፈታ ጥፍሩ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይወጣል። ሙሽራ ያለ እንሶስላ አትታይም። ለእጅ ድርቀት ደግሞ ለጋ ቅቤ ነበር፤ ዛሬ ቅቤው ለወጥም አልተገኘ።

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የኔ ጥፍር ከላይ ወደ ታች ሽንትር ሽንትር ብሏል፤ እንደ ኮርዶሮይ ጨርቅ። ዕድሜዬ 71 ነው። በሽታ ነው ወይ?

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ከእርስዎ ልጀምር፣ እማማ። አይስጉ። ቁልቁል የሚወርደው መስመር ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ እንደ ፊት መሸብሸብ ማለት ነው። ቅባት ያለሰልሰዋል፣ አያጠፋውም። ፍቀው ለማስተካከል አይሞክሩ።

ምጣድ ዳር፣ ወዳንቺ። አግድም ያለው ቦይ ሌላ ነገር ነው። ሰውነት በኃይል ሲታመም ጥፍር ማደጉን ለጊዜው ያቆማል፤ ሲሻለው ይቀጥላል። የቆመበት ቦታ ቦይ ሆኖ ይቀራል። የቦ መስመር ይባላል፤ ቦ በ1846 እ.ኤ.አ. ስለ ነገሩ የጻፈ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በጌል ምክንያት ቢሆን በአሥሩም ጣት ላይ በተመሳሳይ ቦታ ባልተሰለፈ ነበር። እስቲ ማስመሪያ አምጪና ከቆዳው እስከ ቦዩ ያለውን ለኪው።

ምጣድ ዳር

በልጄ ማስመሪያ ለካሁት። አውራ ጣቴ ላይ 5 ሚሊሜትር።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ከቆዳው ስር ተደብቆ የቆየበትን ጊዜም ጨምሪ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ምን ሆነሽ ነበር?

ምጣድ ዳር

እንዴ! ጥምቀትን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ታይፎይድ ብለውኝ አሥር ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። ታቦት ሲያልፍ በመስኮት ነው ያየሁት። አንድም ሰው ጥፍርሽ ላይ ይታያል አላለኝም።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ይኸው ታየ። ለእሱ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ እያደገ ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ትቆርጪዋለሽ። ሙሉው ጥፍር ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ በሳምንት ለውጥ አልመጣም ብለሽ አትናደጂ።

የጥፍርሽ መነባበርና መላጥ ግን ከውሃ ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ እንደዚያ ሲሆን ንብርብሮቹ መላቀቅ ይጀምራሉ። ሳሙናና በረኪና ደግሞ ያለውን ቅባት ጠርገው ይወስዱታል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የእግርሽን ጥፍር እዪ። እሱ ደህና ከሆነና የእጅሽ ብቻ ከተጎዳ፣ ችግሩ ከውስጥ ሳይሆን እጅሽ ከሚገባበት ነገር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ጎረቤትሽን በርቺ በያት፤ ካልሲየም ግን አይደለም። ጥፍር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፣ ካልሲየም ያለበት እጅግ ጥቂት ነው። ሽሮሽንና ምስርሽን በደንብ ብዪ። ሎሚውንም ሽንኩርቱንም ለወጥሽ አድርጊው፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሎሚ ያቃጥላል፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ያቆስላል። ባዮቲን አንዳንድ ሰው ላይ ሊረዳ ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከትንንሽ ጥናቶች ነው። ወራት መዋጥም ይጠይቃል። ከወሰድሽ ደም ስትመረመሪ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የታይሮይድና የልብ ምርመራ ውጤት ያዛባል።

እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ደረጃ ስትወጪ ይደክምሻል? ጥፍርሽ መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል? የውሃ ጠብታ ጣይበትና ሳይፈስ ከተቀመጠ የብረት ማነስ ሊሆን ስለሚችል ሄሞግሎቢን የሚባለውን የደም ምርመራ ተለኪ። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር አታያይዢ፤ ብረቱን እንዳይገባ ይይዙታል። ለኢትዮጵያዊ ይሄን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

በጥፍርሽ ዙሪያ ቀልቶ ካበጠና መግል ከቋጠረ ግን ጥፍረ መጥምጥ ነውና በመርፌ እንዳትነካኪው፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ጋራዥ ልጅ

እኔ ወንድ ነኝ፣ ልገባ ነው፣ አትሳቁ። እኛ እጃችንን የምንታጠበው በናፍጣና በዱቄት ሳሙና ነው። ጥፍሬ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። አንድ ጋሼ ያስተማሩኝን ልንገርሽ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጥፍሬን ደረቅ ሳሙና ላይ እፍቃለሁ፤ ስሩ በሳሙና ይሞላል፣ ግሪስ ቦታ አያገኝም። ማታ በውሃ ብቻ ይለቃል። ከዚያ ቫዝሊን። ጓደኞቼ «ሙሽራው» ይሉኛል፣ ይበሉ።

ሲስተር፣ እኔም ልጠይቅ። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጥቁር ነው። መዶሻ መትቶኝ ይመስለኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላስታውስም።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ወንድሜ፣ መዶሻ ያጠቆረው ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ከስሩ ንጹሕ ጥፍር ይከተላል። ዛሬ ፎቶ አንሳው፣ ከወር በኋላ አስተያየው። ከስሩ ጀምሮ የሚወርድ ጥቁር መስመር ግን ሌላ ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ሰው ላይ በብዙ ጣቶች ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በአንድ ጣት ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ቆዳው ከተሻገረ ሳትውል ሳታድር የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። ቦብ ማርሌይ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር የነበረው ቁስል መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው የመሰለው። በ1977 እ.ኤ.አ. የቆዳ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ላስፈራራህ አይደለም፤ ወንዶች ስለማትሄዱ ነው።

ከቤይሩት ተመላሽ

ምጣድ ዳር፣ ስለ ጓንት አትበሉኝ ብለሻል፣ እኔ ግን እልሻለሁ። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ውሃና በረኪና። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጣቴን ማጠፍ አቅቶኝ ነበር። የፕላስቲኩን ጓንት ባዶ እጅ ላይ ካደረግሽው ያልብሻል፣ ላቡም ያው ውሃ ነው። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት አድርጊ። ጥንድ ጥንድ ግዢና እያፈራረቅሽ እጠቢ፤ የረጠበውን መልሰሽ አታጥልቂ።

ለሊጡ አማትሽን አትጣያቸው። ግን እጅሽ ስንቴ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ቁጠሪ። ማቡካቱ አንድ ጊዜ ነው። ቡሃቃ ማጠብ፣ ባልዲ ማጠብ፣ ወለል፣ የልጅ ልብስ፣ ዕቃ፤ ያ ሁሉ በጓንት ይሆናል። ማታ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን በጥፍርሽ ዙሪያ እሺና አሮጌ የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ተኚ። ባልሽ ይስቃል። እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ የሚስቅብኝ አልነበረም።

ምጣድ ዳር

ቆጠርኩ። ትናንት ብቻ 34 ጊዜ። ማቡካቱ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሲስተር፣ ሳቦካስ ምን ልቀባ? ቫዝሊን ሊጥ ውስጥ አልጨምርም መቼም።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

የምትበይውን ዘይት። የሰሊጥም የኑግም ይሆናል። በጥፍርሽ ዙሪያ ጠብታ አሽተሽ ትርፉን ጥረጊና ግቢ። ጾሙንም አይነካም። ስትጨርሺ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ አድርቂ፣ እጅሽ ጨርሶ ሳይደርቅ ቅባት።

ምጣድ ዳር (ሰኔ 14)

ምከሩኝ ብዬ ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ከፋሲካ በኋላ የትዕዛዝ ብዛት፣ ከዚያ የልጅ ፈተና።

ሄሞግሎቢን ተለክቼ 10.6 ሆነ። ማነስ ነው አሉኝና የብረት ክኒን ጀመርኩ። ሰገራ ያጠቁራል ብለው ባይነግሩኝ ኖሮ ደንግጬ ነበር። ቡናዬን ከምሳ አንድ ሰዓት አርቄዋለሁ። ጎረቤቶቼ ተኳረፍን ወይ ይሉኛል፤ ሲያፈሉ ስለማልገባ።

ቦዩ ሄዷል! በሳምንት አንዴ እያየሁት እንደ ቀንድ አውጣ ሲራመድ ሰነበተ፤ ባለፈው ቅዳሜ የቀለበት ጣቴ ላይ ጫፍ ደረሰና በጥፍር መቁረጫ ቀጭ አደረግኩት። ታይፎይዴን ነው የቆረጥኩት ብዬ ለባሌ አሳየሁት። አውራ ጣቴ ላይ ገና ትንሽ ይቀረዋል። መነባበሩ ቀኝ እጄ ላይ አልጠፋም፣ ግን ነጠላ አይዝም። ሊጥ ሲነካኝ ማቃጠሉ ከቀረ ቆየ። ጌል? አሁን አይደለም። ለመስከረም የአጎቴ ልጅ ታገባለች፣ እማማ ስለ እንሶስላው በደንብ ይንገሩኝ፣ ሥሩ ስንት ሰዓት ነው የሚቀቀለው?

ሁለት ጥንድ የጥጥ ጓንት አለኝ። ሊጡን አሁንም በባዶ እጄ ነው የማቦካው፤ አማቴ አሸንፈዋል። ግን ቫዝሊኑ ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸገረኝ። ለካ ማታ ማታ እሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ለተረከዜ ነው አሉኝ።

ጋራዥ ልጅ

እኔም ሄድኩ፣ ሲስተር ይመስክሩ። መዶሻው ነው። ጥቁሩ ግማሽ ድረስ ወጥቷል፣ ከስሩ ንጹሕ ነው።

ምጣድ ዳር፣ እንጀራሽ መገናኛ ድረስ ይመጣል? አሥር ሰዎች ነን፣ በቀን ሃያ እንጨርሳለን።