ከአዳማ ድሬዳዋ በባቡር፦ የትኛው መስኮት? የድሮው ሐዲድስ ይታያል?

ባለመስኮት (አዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ድሬዳዋ በአዲሱ ባቡር ልሄድ አስቤያለሁ፤ ድሬ ጉዳይ የለኝም፣ የምሄደው ለባቡሩ ብዬ ነው። ሦስት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ በየትኛው በኩል ብቀመጥ ይሻላል? ሁለተኛ፣ የድሮው የምድር ባቡር መስመር ከመስኮት ይታያል ወይ? ከታየስ በምን እለየዋለሁ? ሦስተኛ፣ ፍጥነቱን ያለ ኢንተርኔት የማወቂያ ዘዴ አለ? ፎቶ የማነሣው በስልክ ነው። «መንገዱ ደስ ይላል» የሚለውን መልስ ይቅርብኝ፣ እሱን ከሁሉም ሰው ሰምቻለሁ።

የፈንታሌ ጥላ፦
ግራ ያዝ። መተሐራ ልትደርስ ስትል የፈንታሌ ተራራ በግራህ ይመጣል፤ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው፤ ከሥሩ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ እንደ ታረሰ መሬት ተገለባብጦ ይታያል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኑ ከቀኝ መጥቶ ተራራው ላይ ያርፋል። ግራ የተቀመጠ ሰው ዓይኑንም አይወጋው፣ ፎቶውም አይነጣበትም።

መተሐራ አጠገብ ግን ተነሥተህ ቀኙንም ቃኘው፣ በሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ነው፤ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ውኃው እየገፋ በመጣ ቁጥር የድሮው ሐዲድም አስፋልቱም አፈር እየተሞላላቸው ከፍ ሲደረጉ ኖረዋል። የዚያ መስመር ትልቁ ጠላት ማን ነበር ብትለኝ ከበረሃው ይልቅ ይህን ሐይቅ እጠራለሁ።

ለፎቶ፦ መስታወቱን በመሐረብ ጥረግ፣ የስልኩን ካሜራ ከመስታወቱ ጋር አጣብቀው፣ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ወይም በጃኬት ክፈነው። አለዚያ የራስህን ሸሚዝ ነጸብራቅ ይዘህ ትመለሳለህ። ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የስልኩን ካሜራ የመዝጊያ ፍጥነት (ሹተር ስፒድ) 1/1000 ሴኮንድ ብታደርገው ቅርብ ያለው ነገር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሸሻል፤ 1/125 ላይ ከተውከው 27 ሴንቲ ሜትር ስለሚሸሽ ቁጥቋጦው ሁሉ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ለተራራው 1/250 ይበቃዋል። ጣቢያ ውስጥና ጥበቃ ባለበት ቦታ ሳታስፈቅድ አታንሣ።

ምድር ባቡር ወዳጅ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ግን ከሚኤሶ ወዲያ ግራው ሜዳ ነው፣ የጨርጨር ተራሮች የሚቆሙት በቀኝ ነው። ግማሹን መንገድ ግራ፣ ግማሹን ቀኝ የሚገኝበት ትኬት ደግሞ የለም፤ ተሳፋሪ ሲወርድ ቦታ መቀያየር ነው።

ወንበር ስትቆርጥ «መስኮት» ማለት ብቻ አይበቃም። በአንድ በኩል 3፣ በሌላው 2 ሰው በሚያስቀምጠው የቻይና ፉርጎ በተለመደው አቆጣጠር በ0፣ በ4፣ በ5 እና በ9 የሚያልቁ ቁጥሮች የመስኮት ናቸው፤ ትኬት ቆራጩን ጠይቀህ አረጋግጥ። ግራ ይሁን ቀኝ ግን ቁጥሩ አይነግርህም፣ ፉርጎው በየትኛው ጫፉ እንደተቀጠለ ይለያያል። ወንበሮቹም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ግማሹ ሰው የሚሄደው ወደ ኋላው ነው። ለማየት እንደውም ጀርባ መስጠቱ ይሻላል፣ ያለፈው ነገር ከዓይንህ ቶሎ አይጠፋም።

የድሮው መስመር አለ፣ ግን ሐዲድ ብቻ ከፈለግህ ብዙ ቦታ ያመልጥሃል። የምትፈልገው የአፈር ጉብታውን፣ ከሥሩ በጥርብ ድንጋይ የተሠራውን የውኃ ማስተላለፊያና የተዘጉትን ትንንሽ ጣቢያዎች ነው። ሐዲዱ ባለበት ደግሞ እንዲህ ትለየዋለህ፦ የአዲሱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው 1,000 ነው። ሜትር ይዘህ አዳማ ውስጥ የድሮው ሐዲድ ቀሪ ያለበት ቦታ ብትለካ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለካ፣ ያውም ከሐዲዱ አናት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብለህ። ከመሐል እስከ መሐል የለካ ሰው 1,050 ወይም 1,060 አግኝቶ «ሐዲዱ ተከፍቷል» ይላል፤ የሐዲዱን ራስ ውፍረት ደምሮ ነው። ከሥሩ ያለው አግዳሚ የድሮው ብረት፣ የአዲሱ ኮንክሪት ነው። ብረት የሆነው ለጌጥ አይደለም፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላው ስለነበር ነው።

ከሁሉ የሚለያቸው ግን አካሄዳቸው ነው። የድሮው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በአካፋና በድማሚት የተሠራ ስለሆነ ጉብታ ሲያጋጥመው ይዞረዋል፤ ጠባብ ሐዲድም ለጠባብ መታጠፊያ ይመቻል። አዲሱ ጉብታውን ሰንጥቆ፣ ገደሉን ሞልቶ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጣቢያዎቹ ከከተማ የወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ለ120 ኪሎ ሜትር የሚሆን መታጠፊያና ለረጅም የጭነት ባቡር መቆሚያ የሚበቃ ቀጥ ያለ መሬት መሐል አዳማ አይገኝም። የድሮው ባቡር ገበያው አጠገብ ያወርድህ ነበር፤ አሁን የባጃጅ ሒሳብ ጨምር።

ቀጭ ቋ፦
ስለ ፍጥነቱ። ቀላሉ ከመስመሩ ዳር ያለው የኪሎ ሜትር ምልክት ነው። ከአንዱ እስከሚቀጥለው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ በስልክህ ያዝና 3,600ን ለእሱ አካፍል። 30 ሴኮንድ ከሆነ 120፣ 36 ከሆነ 100፣ 45 ከሆነ 80 ነው። አንዱን ምልክት ዘለህ ከቆጠርክ ውጤቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስልኩ ጂፒኤስም ያለ ዳታ ይሠራል፣ ከመስታወቱ አጠገብ ያዘው እንጂ።

ለድሮው ባቡር የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ያ «ቀጭ ቋ» የሚለው ድምፅ ጎማው የሐዲዶቹን መጋጠሚያ ሲዘል የሚወጣ ነው። አንዱን ሐዲድ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ በሜትር ለካው፣ በ3.6 አባዛው። የመጣው ቁጥር ስንት ሴኮንድ መቁጠር እንዳለብህ ይነግርሃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሰማኸው የ«ቀጭ ቋ» ብዛት በቀጥታ ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሐዲዱ 10 ሜትር ከሆነ 36 ሴኮንድ፤ በዚያ ውስጥ 40 ከቆጠርክ ፍጥነቱ 40 ነው። ድምፁ ጥርት ያለ የድሮ ቪዲዮ ካገኘህ የሊቶሪናውን (በራሱ ሞተር የሚሄደውን የድሮ የመንገደኛ ባቡር) ፍጥነት ቤትህ ቁጭ ብለህ ታወጣለህ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሰማውን እንደ አንድ ቁጠር። ለመለካት ብለህ ግን ብሎን አትፍታ፣ አዲሱ ሐዲድ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትውጣ፦ ላዩ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው፣ ሳትነካውም ዘሎ ይይዛል። በ120 የሚመጣ ባቡርም አይቶህ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም 800 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

ባለመስኮት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጨምሩልኝ፦ መንገድ ላይ ያለ ጣቢያ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ኤሲውም ድንገት ይጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብልሽት ነው?

ምድር ባቡር ወዳጅ፦
አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ። ስለዚህ ከወደብ የሚመጣ የጭነት ባቡር ካለ አንዱ ጎን መስመር ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። መቆሙን አትጥላው፣ ከሚመጣው ባቡር ፊት ያለውን ሎኮሞቲቭ በደንብ የምታየው ያኔ ነው። ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ሲገኝም ይቆማል።

ኤሲውን በተመለከተ፦ ሽቦው ከተለያዩ ማከፋፈያዎች ስለሚመገብ በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ የሌለበት አጭር ክፍል አለ። ሎኮሞቲቩ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ በግፊቱ ብቻ ያልፈዋል። ፉርጎው መብራት የሚያገኘው ከሎኮሞቲቩ ከሆነ የአየር ማራገቢያው ለጥቂት ሴኮንድ ጸጥ ይላል፣ አምፖሉ በባትሪ ይቆያል። ያኔ ሰዓትህን ያዝ፤ ቆይቶ መልሶ ካልተነሣ ነው መብራት ሄዷል የሚባለው።

የፈንታሌ ጥላ፦
ስለ ሰዓት እኔም ልጨምር። የጉዞ ቀኑና ሰዓቱ ስለሚቀያየር በዋዜማው ጠይቅ። ትኬቱ ላይ 08:00 ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከምሽቱ ሁለት እንዳይመስልህ። መታወቂያህን አትርሳ፤ ድሬን አልፈህ ጅቡቲ ካሰብክ ፓስፖርት ያስፈልግሃል። ውኃ በደንብ ያዝ፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ አዋሽ ግን 1,000 ገደማ ስለሆነ ሙቀቱን ገና ከፉርጎ ሳትወርድ ታውቀዋለህ።